የካርታዬ ሐይቅ ለምን ጄሊ መሰለ? ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ኮምቦልቻ የምትማር ልጅ ናት። ደሴና ወልዲያ ካሉ ጓደኞቿ ጋር በኢንተርኔት የሚና ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ካርታውን የምትስለው እሷ ናት። «ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቤ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ከሐይቁ በታች ደግሞ ደራሽ ጎርፍ የሚወርድበት ወንዝ ሠራሁ። 40 በ30 ካሬ ነው፣ እያንዳንዱ ካሬ 100 ፒክስል። ቆሞ ሳለ ያምራል። ሳንቀሳቅሰው ግን ውሃው ጄሊ ይመስላል፣ በየ6 ሴኮንዱ ይዘላል፣ የወልዲያው ጓደኛችን ላፕቶፕ ደግሞ ካርታው ሲከፈት ይደነዝዛል። ጋሼ፣ የትኛውን ፕሮግራም ልግዛ?» ትላለች።

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ምንም አትግዢ። የዘረዘርሽው ሦስት ችግር ነው፤ ለእኔ ግን የሚታየኝ አንድ ብቻ ነው፤ ውሃውን በሙሉ ለማንቀሳቀስ መነሣትሽ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ብትንጪው የሚተርፍሽ ጄሊና የተንቀራፈፈ ላፕቶፕ ነው። ካርታ ላይ ውሃ የሚታወቀው በዳሩ ነው። ድንጋይ ሲነካ፣ ቄጠማ ሲያስጎነብስ፣ ግንድ ሲገፋ እዚያ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ አንቀሳቅሺው። መሀሉን ለተጫዋቹ ዓይን ተዪለት፤ ራሱ ይሞላዋል።

ይህን የምለው ተስቆብኝ ስለማውቀው ነው። እንጀራዬ ለማስታወቂያና ለሠርግ ቪዲዮ አኒሜሽን መሥራት ነው፤ የጨዋታ ካርታ ማታ ማታ የያዘኝ ሱስ ነው። የመጀመሪያው ሐይቄ ላይ አንድ የሚያምር የውሃ ምስል አንጥፌ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲንሸራተት አደረግሁት። ጨዋታው ተጀመረ፣ ታንኳ ላይ ወጡ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፤ ካርታውን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «ይሄ ሐይቅ ግን ወዴት ነው የሚሄደው?» አለ። የዚያን ምሽት ጨዋታ እዚያው ላይ አበቃ። ልጁ ልክ ነበር። የእኛ ሐይቅ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የትም አይሄድም። እኔ ደግሞ እንደ ቦርከና ወንዝ አድርጌው ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ የማዝሽ ሥራ ኮምፒውተር አይፈልግም። አንድ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ውጪና ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ ዳሩ ላይ ተቀመጪ። ገዳሙ ዱሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ እንደ ምላስ ወደ ውሃው ገብቷል። ለአንቺ የሚጠቅመው ያ አንገቱ ነው፤ የብስና ውሃ የተደባለቁበት፣ ሣሩ የቱ ጋ እንደሚያበቃና ውሃው የቱ ጋ እንደሚጀምር በውል የማይለይበት። ስልክሽን ድንጋይ ላይ አስደግፈሽ 1 ደቂቃ ቅረጪ፤ ማታ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው። ከተቀረጸው ስንቱ በእርግጥ ይንቀሳቀሳል? እኔ ሳየው የሚንቀሳቀሰው ዳር ያለው ስስ መስመር፣ እዚህም እዚያም ብልጭ የሚል ብርሃን፣ የተንሳፈፈ ቅጠል ነው። የቀረው ቀለም ነው።

አሁን ወደ ጄሊው። አንቺ የተጠቀምሽው ዲስፕሌስመንት የሚባለውን ይመስለኛል፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው በእሱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ግራጫ የኖይዝ (በዘፈቀደ የተዘባረቀ ጥቁርና ነጭ) ምስል ይወሰድና ነጭ በሆነበት ከታች ያለው ሥዕል ወደ አንድ ወገን፣ ጥቁር በሆነበት ወደ ሌላው ወገን ይሳባል። ጣጣው ከውሃው ጋር ድንጋዩንም፣ ዳሩንም፣ አንዳንዴ የገዳሙን አጥርም አብሮ መሳቡ ነው። ድንጋይ ሲወዛወዝ ያየ ዓይን «ይህ ውሃ ነው» አይልም፤ ሥዕሉ በላስቲክ ላይ እንደተሳለ ያስባል። ጄሊ የሚያደርገው ይህ ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። ውሃው ብቻ ነጭ የሆነበት፣ የብሱ ጥቁር የሆነበት ማስክ ሥሪ፤ ከዳሩ ወደ ውስጥ 20 ወይም 30 ፒክስል ያህል ደግሞ ነጩ እየደበዘዘ ይምጣ፤ ዳሩ ፈጽሞ አይነቃነቅ። ቀጥሎ የመሳቡን መጠን ቀንሺ። በ100 ፒክስል ካሬ ላይ እኔ ከ3 ፒክስል አላልፍም። «ምንም አይታይም እኮ!» ትይ ይሆናል፤ ቁጥሩን ወደ 0 መልሰሽ ስታዪው ውሃው እንደ ሞተ ታውቂያለሽ። ልኩ እዚያ ነው።

ከላይ ስለሚታይ ውሃ ደግሞ ብዙ ሠዓሊ የሚስተው ነገር አለ። ከዳር ቆመሽ በአግድመት ስታዪው ሐይቁ እንደ መስተዋት ሰማዩን ያሳይሻል። ካርታ ግን የአሞራ ዓይን ነው፤ ቁልቁል በቀጥታ ነው የሚያየው። ብርሃን ውሃን በቀጥታ ከላይ ሲመታ የሚንጸባረቀው ወደ 2 በመቶ ብቻ ነው፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይገባል። አሞራው የሚያየው ሰማይን ሳይሆን ጥልቁን ነው። ስለዚህ በካርታሽ ላይ ደመና እያንጸባረቀ የሚሄድ ሐይቅ አትሥሪ፤ ዳሩ ላይ አሸዋና ድንጋይ ይታይ፣ ትንሽ ገባ ሲል አረንጓዴ ይሁን፣ ከዚያ ይጥቆር። የእኛ ሐይቅ በጥልቁ ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ የመሀሉን ወለል ማንም አያይም። ፀሐይ በሞገድ ላይ አልፋ ወለሉ ላይ የምትሠራው የብርሃን መረብም፣ ካርታ ሻጮች ሁሉ የሚወዱት ያ ነጭ መረብ፣ ጥርት ባለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ቀን ላይ ብቻ የሚታይ ነው። ብሌንደር በሚባለው ነፃ የአኒሜሽን ፕሮግራም ውስጥ ያለው ቮሮኖይ የሚባል ኖይዝ ያንን መረብ በደንብ ይሰጥሻል፤ ግን ከዳሩ 2 ወይም 3 ካሬ ድረስ ብቻ አድርጊውና እዚያው አጥፊው። በድፍርስ ጎርፍ ላይና በሌሊት ትዕይንት ላይ ጨርሶ አይግባ።

ዋናው ሥራ ዳሩ ነው፤ እዚህ ላይ ልዘግይ። ጂምፕ ወይም ክሪታ በሚባል የሥዕል ፕሮግራም የውሃውን ማስክ ያዢና ከዳሩ እየራቀ ሲሄድ እየጠቆረ የሚሄድ ግራጫ ሽግግር ሥሪ፤ ዳሩ ላይ ነጭ፣ 3 ካሬ ገባ ሲል ጥቁር። ይህ ግራጫ እንግዲህ «ከዳር ያለ ርቀት» ማለት ነው። ከዚህ ግራጫ ውስጥ አንድ ጠባብ እርከን ብቻ መርጠሽ ነጭ ብታደርጊው ዳሩን ተከትሎ የሚዞር ቀጭን መስመር ይወጣል። እርከኑን ከጥቁሩ ወደ ነጩ ቀስ እያልሽ ብታንቀሳቅሺው መስመሩ ወደ ዳር እየቀረበ ይመጣል፤ ሞገድ ማለት ይኸው ነው። ደስ የሚለው ነገር መስመሩ ያለ ተጨማሪ ድካም በደሴቱ ዙሪያ መታጠፉ ነው። እውነተኛ ሞገድም እንዲሁ ያደርጋል። ጥልቀቱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ አንዱ ጫፉ ቀድሞ ጥልቀት የሌለውን ሲነካ ይዘገያል፤ ሌላው ይቀድመዋል፤ በመጨረሻ ሞገዱ ዳሩን ትይዩ አድርጎ ይደርሳል። ቀጥ ያሉ መስመሮች ከአንድ ወገን መጥተው ደሴቱን ሰንጥቀው የሚያልፉበት ካርታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ደሴቱን መንፈስ ያደርገዋል።

መስመሩን እንዲሁ ብትተዪው ግን እንደ ሽንኩርት ቅጠል ክብ በክብ ሆኖ ይቀራል። በኖይዝ ቆራርጪው። ኬን ፐርሊን እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተመው ኖይዝ ዛሬ በሁሉም ፕሮግራም ውስጥ አለ፤ እሱን በግራጫሽ ላይ ጥቂት ጨምሪበት፤ መስመሩ እዚህ ይቀጥናል፣ እዚያ ይጠፋል፣ ሌላው ጋ ይወፍራል። ዳሩን የነካው መስመር ወዲያው አይጥፋ፤ ወደ ኋላ ሲመለስ እርጥብ ጥቁር አሸዋ ትቶ ይሂድ። ይቺ እርጥብ ጠርዝ ካርታ ላይ ካለው ውሃ ሁሉ ትበልጣለች። ተጫዋች አያስተውላትም፤ ካጠፋሻት ግን «ምን ቀየርሽ?» ይልሻል።

ነፋስን አትርሺ። ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያለው የሐይቁ ዳር ጸጥ ያለ ነው፤ ነፋሱ የሚሄድበት ወገን ያለው ዳር ይመታል። በደሴት ላይ ግን ይገለበጣል። ለደሴትሽ አንድ የነፋስ አቅጣጫ ምረጪና ነፋሱ የሚመጣበትን የደሴቱን ፊት አረፋ በዛ አድርጊበት፤ ከጀርባው ያለውን ውሃ ዝም አሰኚው። ለጨዋታም ይረዳሻል። ታንኳውን በየት በኩል ማስጠጋት እንደሚሻል ማንም ሳይነግራቸው ከካርታው ያነቡታል።

ቀጥሎ ያለው ነገር እኔን ረጅም ጊዜ አታሎኛል። ሁሉን በትክክል ሠርቼ ሐይቁ ሐይቅ አልመስል ይለኝ ነበር፤ ሳፋ ይመስል ነበር። ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው። ሞገድ ሲረዝም ተመልሶ ለመምጣት ይዘገያል፤ በአንድ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ በርዝመቱ ልክ ባይሆንም በርዝመቱ ካሬ ሥር ልክ ያድጋል። በጨዋታ ካርታ ላይ የተለመደው አንድ ካሬ 5 ጫማ፣ ማለትም 1.5 ሜትር ያህል ነው። ጥልቅ ውሃ ላይ 1.5 ሜትር የሚረዝም ሞገድ በየ1 ሴኮንዱ ይመጣል፤ በዚያው 1 ሴኮንድ 1 ካሬ ይሄዳል። 6 ሜትር የሚረዝም፣ ማለት 4 ካሬ፣ በየ2 ሴኮንዱ ይመጣል። እንግዲህ አንቺ 4 ካሬ የሚሸፍን ሞገድ ሠርተሽ በግማሽ ሴኮንድ ብታስመላልሺው ዓይን በቶሎ ይቀንሰዋል፤ «እንዲህ የሚፈጥን ሞገድ ስንዝር ነው» ይላል፤ ሐይቅሽ ሳፋ፣ ገዳምሽ መጫወቻ ይሆናል። አንድ ሕግ ብቻ ያዢ፤ 1 ካሬ በ1 ሴኮንድ፣ 4 ካሬ በ2 ሴኮንድ። ከተሳሳትሽ ደግሞ ወደ ዝግታው ተሳሳቺ። ለሰዓታት የሚታይ ካርታ ነው፤ ፈጣኑ ያዞራል።

ስለ መዝለሉ አጭር ነው። የቪዲዮው የመጨረሻ ፍሬም (አንዱ ነጠላ ሥዕል) የመጀመሪያውን አይመስልም፤ ስለዚህ ሲመለስ ይዘላል። የውሃ ምስል ታይል (ጎን ለጎን የሚደጋገም ቁራጭ) የምታንሸራትቺ ከሆነ በአንድ ዙር ውስጥ ሙሉ ታይል ይሂድ፤ ታይሉ 512 ፒክስል፣ ዙሩ 8 ሴኮንድ ከሆነ በሴኮንድ 64 ፒክስል። 60 ብትይው ይዘላል። ኖይዝ ከሆነ በብሌንደር ባለ 4 ዳይሜንሽኑን ምረጪና ሁለቱን ትርፍ ቁጥሮች ክብ እንዲዞሩ አድርጊያቸው፤ ክብ የሚሄድ ሁሉ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የመጨረሻውን 2 ሴኮንድ በመጀመሪያው ላይ እያደበዘዙ መደረብም ይቻላል፤ ሰነፍ ስሆን የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ግን ሁለቱ እኩል በሚደባለቁበት ቅጽበት ውሃው ይፈዝዛል፣ ያ መፍዘዝ ራሱ በየዙሩ ይታወቃል። ከዚህ ሁሉ የምወደው ዘዴ ሌላ ነው። አረፋውን 7 ሴኮንድ፣ ብልጭታውን 11 ሴኮንድ አድርጌ ለየብቻ እሠራቸዋለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ወደ መጀመሪያቸው የሚመለሱት በ77ኛው ሴኮንድ ነው። 77 ሴኮንድ ሙሉ ውሃ የሚያይ ተጫዋች ካለሽ ጨዋታሽ ሌላ ችግር አለበት።

ወንዙ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሐይቅ የትም አይሄድም፣ ወንዝ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ምስል በአንድ አቅጣጫ ማንሸራተት አይሠራም፤ ወንዝሽ ሲታጠፍ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ገደሉ ይገባል። ቀላሉ መንገድ በብሌንደር ወንዙን ተከትሎ የሚታጠፍ ጥብጣብ መሥራትና የውሃውን ምስል በጥብጣቡ ርዝመት ማስኬድ ነው። ለኮምቦልቻ ካርታ ይበቃሻል። ድንጋይ የሚከበብበት፣ አዙሪት ያለበት ወንዝ ከፈለግሽ ግን የፍሰት ካርታ ያስፈልግሻል። ይህ በቀይና በአረንጓዴ ቀለም የተጻፈ ሥዕል ነው፤ ቀዩ ወደ ግራ ወይም ቀኝ፣ አረንጓዴው ወደ ላይ ወይም ታች ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፤ መሀለኛው ዋጋ ቁም ማለት ነው። ቫልቭ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በሌፍት ፎር ዴድ 2 እና በፖርታል 2 ውስጥ ተጠቅሞበት፣ ባለሙያው አሌክስ ቭላቾስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲግራፍ በሚባለው የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ አስረድቶታል። ብልሃቱ እዚህ ጋ ነው። ምስሉ በፍሰቱ እየተሳበ ሲሄድ ይለጠጥና ይበላሻል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ወደ መነሻው መመለስ አለበት፤ ሲመለስ ደግሞ ይዘላል። እሱ ሁለት ቅጂ አስኬደ፤ አንዱ በሌላው ግማሽ ዙር ይቀድማል። አንዱ ሲመለስ ፈጽሞ የማይታይ ይሆናል፤ የሚታየው ሌላው ነው። ቅብብሎሽ በይው።

የፍሰት ካርታ ስትሥዪ ሁለት ነገር ያናድድሻል፤ አስቀድሜ ልንገርሽ። ፋይሉን ብሌንደር ውስጥ ስታስገቢው «ነን ከለር» ካላልሽው ፕሮግራሙ እንደ ተራ ቀለም ቆጥሮ ቁጥሮቹን ይቀይራቸዋል፤ መሀለኛው ዋጋ መሀለኛ መሆኑ ይቀራል፤ ወንዙ በሙሉ ወደ አንድ ጥግ ይንፏቀቃል። ሁለተኛው፣ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ስለሆነ ትክክለኛው መሀል 127.5 ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ የለም። 128 ብትቀቢም የቆመው ውሃ ሳይታወቅ ይሳባል። የቆመውን በማስክ ቁረጪው፤ አትድከሚ።

የወንዝ ጠባዩን ደግሞ እንዲህ ያዢው። መሀሉ ይፈጥናል፣ ዳሩ ይዘገያል። ሲታጠፍ የውጭው ወገን ይፈጥንና አፈሩን ይበላል፤ የውስጡ ወገን ይዘገይና አሸዋ ያስቀምጣል፤ ተጫዋች ወንዝ ሲሻገር የሚፈልገው ያን አሸዋ ነው። ፍጥነቱ በሰከነ ወራጅ 1 ሜትር በሴኮንድ ቢሆን በካርታሽ ላይ 67 ፒክስል ነው፤ 3 ሜትር የሚሮጥ ጎርፍ 200 ፒክስል። 200ን አላስኬድም፤ በስክሪን ላይ ሲታይ ይርገበገባል። በግማሹ አስኪጂውና ፍጥነቱን በሚሸከመው ነገር አሳዪ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለ? አንድ ግንድ፣ አንድ የሣር ጭብጥ፣ የአረፋ ጉብታ በመሀሉ አልፎ ሲሄድ ዓይን የወንዙን ፍጥነት ከግንዱ ይወስዳል። ውሃውን ማስሮጥ አያስፈልግሽም።

ድንጋይ ላይ ያለውን ነጭ አረፋ ደግሞ ወደ ታች አታንሸራትቺው። ድንጋይ ያለበት ቦታ ላይ ውሃው ያልፋል እንጂ ሞገዱ እዚያው ቆሞ ነው የሚናጠው። ቦርከናን በክረምት ድልድይ ላይ ቆመሽ እዪው፤ ነጩ ጉብታ ካለበት ፈቀቅ አይልም፣ ውሃው ነው በሥሩ የሚሮጠው። አረፋው ባለበት ቦታ ይንቀጥቀጥ፤ ከድንጋዩ በታች እንደ «ለ» ሁለት ክንድ ዘርግቶ እየሳሳ ይሂድ። ቀለሙም ሰማያዊ አይሁን፤ የክረምት ወንዝ የደጋ አፈር የተሸከመ ነው፤ የጓያ ሽሮ መልክ ይበቃዋል።

አሁን የወልዲያው ላፕቶፕ። 40 በ30 ካሬ ማለት 4000 በ3000 ፒክስል፣ 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው። በሴኮንድ 30 ፍሬም ስታደርጊው ብራውዘሩ በየሴኮንዱ 360 ሚሊዮን ነጥብ ይፈታል። ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮ በ30 ፍሬም 62 ሚሊዮን ነው። ስድስት ፊልም በአንድ ጊዜ ክፈት እንደማለት ነው። የተፈታው እያንዳንዱ ፍሬም ደግሞ ሳይጨመቅ 48 ሜጋባይት ሆኖ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይገለበጣል። ልጁ ላይ አትፍረጂበት።

ደሴቱን፣ ወለሉን፣ ድንጋዩን፣ የጥልቁን ቀለም ሁሉ በቆመ ሥዕል አስቀምጪ፤ በሙሉ ጥራቱ። የሚንቀሳቀሰውን ብቻ፣ አረፋና ብልጭታ፣ ግልጽነት ባለው ቪዲዮ ለብቻው አውጪና ከላይ ደርቢው። እሱ ደግሞ ሙሉ ጥራት አያስፈልገውም፤ 1000 በ750 አውጥተሽ በካርታው ልክ ለጥጪው። ውሃ ለስላሳ ነው፤ ሲለጠጥ አይታወቅበትም። ስለታም መሆን ያለበት ድንጋዩ ነው፤ እሱ ደግሞ ከታች በቆመው ሥዕል ውስጥ አለ። ፍሬሙን 20 አድርጊው። በሴኮንድ 15 ሚሊዮን ነጥብ ሆነ። ግልጽነት ያለው ቪዲዮ ቀለሙም ግልጽነቱም ለየብቻ ስለሚፈታ እጥፍ አድርጊውና 30 ሚሊዮን በይው፤ ከድሮው አሥራ ሁለተኛ እጅ ነው። ልዩነቱን በዓይኑ ሳይሆን በላፕቶፑ ማራገቢያ ድምፅ ያውቀዋል። 7 እና 11 ሴኮንዱን ለየብቻ ካደረግሽ ሁለት ቪዲዮ ይሆናል፤ ያም ቢሆን ቀላል ነው። ከዚያ በላይ አትክፈቺ፤ እያንዳንዱ ቪዲዮ የራሱን ፈቺ ይዞ ይመጣል።

ስለ ፋይሉ ዓይነት ብዙ አልልም። ዌብኤም በሚባለው የቪዲዮ ፋይል፣ ቪፒ9 በሚባለው መጭመቂያ አውጪው፤ ግልጽነት ይይዛል። ተራው ኤምፒ4 በኤች.264 ግልጽነት የሚባል አያውቅም፤ ካርታሽን በጥቁር ይሸፍነዋል። ጂፍን እርሺው፤ 256 ቀለም ብቻ ነው ያለው፣ ግልጽነቱም ወይ አለ ወይ የለም ነው፤ አረፋሽ እንደ ተቀደደ ወረቀት ይሆናል። ወርዱና ቁመቱ ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለሁለት የሚካፈል ይሁን፤ 751 ካልሽ አንዳንድ ማውጫ አይቀበልሽም። ማክ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ሳፋሪን ትቶ በክሮም ይክፈተው። ፋውንድሪ የሚባለውን የኢንተርኔት ሚና ጨዋታ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሥዕሉ የሚወጣው ፒክሲ በሚባል፣ ብራውዘር ውስጥ ግራፊክስ ካርዱን በሚያሠራ መሣሪያ ስለሆነ ዲስፕሌስመንቱን በቪዲዮ ከመላክ ይልቅ በእያንዳንዱ ተጫዋች ግራፊክስ ካርድ ላይ ማስላት ይቻላል፤ ዳታ ይቆጥባል፣ ደካማ ላፕቶፕ ያለውን ግን ያስቸግራል። ለእናንተ ቡድን ቪዲዮው ይሻላል ባይ ነኝ።

አንድ ምክር ከደሴ መብራት የተማርኩት ነው። ከብሌንደር በቀጥታ ቪዲዮ አታውጪ። ፍሬም በፍሬም በምስል አውጪ፣ ፒኤንጂ ይሁን። በ138ኛው ፍሬም ላይ መብራት ቢሄድ ሲመጣ ከዚያው ከ138 ትቀጥያለሽ። ቪዲዮ ከነበረ የተሰበረ ፋይል ይዘሽ ትቀሪያለሽ። ከዚያ ምስሎቹን ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ፕሮግራም ወደ አንድ ቪዲዮ አስሪያቸው፤ ነፃ ነው።

የቀረው ጎርፉ ነው። ካርታውን ከመጀመሪያው ጀምረሽ በጎርፍ አትክፈቺው። የእኛ አገር ደራሽ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ፤ ታች ፀሐይ ነው፣ ወንዙ ጠጠር ነው፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ የዘነበው ላይ ደጋው ላይ ነው። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄጂ ዓላ ውሃ ላይ ያለውን ሰፊ የጠጠር ሜዳ የአገሩ እንግዳ ቢያይ «ወንዙ የት አለ?» ይላል። ስለዚህ ሦስት ሁኔታ አዘጋጂ። መጀመሪያ በጠጠር መካከል ሦስት አራት ቀጫጭን ጅረት ብቻ፤ እዚህ ላይ የሚንቀሳቀሰው በጣም ጥቂት ነው። ሁለተኛው ግንባሩ ነው፤ ደራሽ በንጹሕ ውሃ አይጀምርም፣ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ አረፋና ጭቃ እየጠረገ ነው የሚመጣው፤ ይህንን ካርታው ላይ የሚያልፍ ባለ 5 ወይም 6 ሴኮንድ ቪዲዮ አድርጊው፤ አንዴ ብቻ የሚጫወት፣ የማይደጋገም። ሦስተኛው ሙሉው ጎርፍ፤ ከላይ እንዳልኩሽ ተደጋጋሚ። ሦስቱን ለየብቻ ሌየር (ድራብ) አድርገሽ ደብቂያቸውና ጊዜው ሲደርስ አንዱን ከፍተሽ አንዱን ትዘጊያለሽ። የቆመው ሥዕል ያው አንድ ነው፤ የወልዲያው ልጅ እንደገና አያወርድም።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ግንባሩን ከማሳየትሽ በፊት ድምፁን አሰሚያቸው። ደራሽ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ግን ብራውዘር ተጫዋቹ ገጹን አንዴ ካልነካ ድምፅ አያወጣም፤ ስለዚህ ጨዋታውን ስትጀምሩ ሁሉም አንድ ጊዜ ካርታው ላይ ክሊክ ያድርጉ፣ ዳይስ አስጥያቸው፣ የሆነ ሰበብ ፍጠሪ። አለበለዚያ አንቺ ጋ ተራራው ሲያጓራ ወልዲያ ያለው ልጅ ዝም ባለ ጠጠር መካከል ቶክኑን (ካርታው ላይ የሚወክለውን ምልክት) አቁሞ «ማነው ተራው?» እያለ ይጠይቅሻል።